ምን አስጀመረው፣ ምንስ አስተወው?

ካቻምና ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ ስልክ አወራለሁ። ታክሲው መብራት ይዞት ቆሟል። ከውጭ እጅ ገባ፣ ስልኬ ወጣ። ምን እንደሆነ ሳይገባኝ "ሌባ! ሌባ! ያዘው!" ተባለ። ልጁ ሩቅ አልሄደም። አስፋልቱን ሳይሻገር ያዙት።

ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደምቷል። አንድ እግሩ ላይ ሸራ ጫማ አለ፣ የሌላኛው ሲሮጥ ወልቋል። ዕድሜው ቢበዛ 16 ነው። ስልኬን አንድ ሰው አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ያልረሳሁት ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። የከበበው ሰው ሁሉ ልጁ ለምን እንደሰረቀ ይናገር ነበር። ወያላው "ገና ሳየው አውቄዋለሁ፣ ዓይኑ ያስታውቃል" አለ። ነጠላ የለበሱ እናት "ትንሽ እያለ የሚቆጣው አጥቶ ነው" አሉ። አንድ ጎልማሳ "ሥራ የለ፣ ምን ይብላ?" አለ። ሌላው "ጓደኛ ነው ያበላሸው፣ በቡድን ነው የሚሠሩት" አለ። ከኋላ ደግሞ "እጃቸውን መቁረጥ ነው፣ ያኔ ይማራሉ" የሚል ድምፅ መጣ።

እኔ ክሪሚኖሎጂ፣ ማለትም የወንጀል ጥናት፣ ተምሬያለሁ። እዚያ ቆሜ የሰማሁት ሁሉ ምሁራን ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት ነገር ነው። አንዱ ጭራሽ ውድቅ ሆኗል። ሌሎቹ የየራሳቸው እውነት አላቸው። ማንም ያላነሳው ጥያቄ ደግሞ አለ። ይህ ልጅ ምን ቢያገኝ ነው የሚተወው?

ክሪሚኖሎጂ ተማርኩ ስል ብዙ ሰው መርማሪ የሆንኩ ይመስለዋል። አሻራ ማንሳት፣ ደም መመርመር፣ እንደ ፊልሙ። እሱ ሌላ ሙያ ነው። መርማሪ "ማን ሠራው?" ይላል። የሕግ ባለሙያ "ድርጊቱ በየትኛው አንቀጽ ያስጠይቃል? ማስረጃውስ ይበቃል?" ይላል። የወንጀል ጥናት ደግሞ ለምን ተሠራ፣ ለምን እዚህ ሰፈር በዛ፣ ለምን አንዱ ተወ፣ ሌላው ቀጠለ እያለ ይጠይቃል። በእኛ አገር "ማን?" የሚለው ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው። ድሮ ሌባሻይ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ያጨሳል፣ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። አፈርሳታም ነበር። አገሬው ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። "ለምን?" ለሚለው ግን ሸንጎ አልነበረንም። የነበረን ተረትና ምሳሌ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

የወያላውን ሐሳብ ቶሎ ልለፈው። ቼዛሬ ሎምብሮሶ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም የአንድ ሽፍታን የራስ ቅል ሲመረምር ከበስተኋላው የተለየ ጎድጓዳ ነገር አየ። እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ አንዳንድ ሰው ወንጀለኛ ሆኖ ይወለዳል አለ። መንጋጋውና ጆሮው፣ የክንዱም ርዝመት ሳይቀር ያስታውቃል አለ። ብዙዎች ተቀበሉት። በኋላ ቻርልስ ጎሪንግ የሚባል እንግሊዛዊ የእስር ቤት ሐኪም ወደ 3,000 የሚጠጉ እስረኞችን አስለክቶ ካልታሰሩ ሰዎች ጋር አስተያየ። በ1913 ውጤቱን ሲያወጣ የወንጀለኛ መልክ የሚባል ነገር አላገኘም። ሐሳቡ መጻሕፍት ውስጥ ሞተ፣ መንገድ ላይ ግን አለ። "ፊቱ ያስታውቃል" ሲባል የምፈራው ለዚህ ነው። በደቦ ፍርድ ያልሰረቀ ልጅ የሚደበደበው በዚህች ቃል ነው።

የነጠላዋን እናት ንግግር ግን ሁላችንም በተረት እናውቀዋለን። ልጁ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም አለች። ከዚያ ዶሮ፣ ከዚያ በግ፣ ከዚያ በሬ። በመጨረሻ ሊሰቀል ሲል እናቱን አስጠርቶ "በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ" አላት። እ.ኤ.አ. በ1990 ማይክል ጎትፍሬድሰንና ትራቪስ ሂርሺ የተባሉ አሜሪካውያን ይህንኑ በትልቅ መጽሐፍ ተከራከሩለት። ራስን መግዛት በልጅነት ይተከላል፣ ያልተተከለለት ሰው ደግሞ የዛሬን ደስታ ለነገ ማቆየት ያቅተዋል አሉ። ብዙ ጥናት ደግፏቸዋል። እኔን የሚከብደኝ አንድ ነገር ነው። ሁሉም ነገር በእንቁላሉ ጊዜ ካለቀ፣ አሁን መሬት ላይ የተቀመጠውን የ16 ዓመት ልጅ ምን ልንለው ነው? አለቀልህ?

ድህነትስ? "ምን ይብላ?" የሚለው ሰው ቅን ሰው ነው። ግን ድህነት ብቻውን ቢያሰርቅ ኖሮ ተርፎት የሚያድር ሌባ ባልኖረ ነበር። ያን ቀን ከሚኒባሱ ወርደው ሌባውን የያዙት ሰዎችም ሀብታም አልነበሩም። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ጥናት ምሁር ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1938 ነገሩን ሻል አድርጎ አስቀመጠው። የሚጎዳው ማጣት ብቻ አይደለም አለ። ማኅበረሰቡ ሁሉንም "ሀብታም ሁን!" እያለ መንገዱን ለጥቂቶች ብቻ ሲከፍት ነው። ይህን ዛሬ ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮ የሚያይ ወጣት በደንብ ይረዳዋል። ሰው መኪናና ቤቱን እያሳየ ሲያልፍ ቀኑን ሙሉ ያያል። እሱ ያለው የዛሬ የታክሲ ሒሳብ ነው።

ቺካጎ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ደግሞ ለእኛ ከተማ የሚናገረው አለው። ክሊፎርድ ሾና ሄንሪ መኬይ የወጣት ጥፋተኞችን አድራሻ ካርታ ላይ እየነቀሱ በርካታ አሥርት ዓመታትን የሚሸፍን መረጃ ሰበሰቡ። መሐል ከተማው አጠገብ ያሉ ሰፈሮች ሁልጊዜ ቀዳሚ ነበሩ። በመጀመሪያ እዚያ የሚኖሩት ጀርመኖችና አይሪሾች ነበሩ። እነሱ ለቀው ጣሊያኖችና ፖላንዶች ገቡ። ሰው ተቀየረ፣ የሰፈሩ ቁጥር ግን ከፍ እንዳለ ቀረ። የለቀቁትም ወደ ሌላ ሰፈር ሲገቡ የልጆቻቸው ጥፋት ቀነሰ። "ከዚህ አገር የመጡ ናቸው የሚሰርቁት፣ የእንትና ዘር ነው" የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ይህን ካርታ አስታውሳለሁ። ሰው ገብቶ የሚወጣበት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የማያውቅበት፣ የማንንም ልጅ ማንም የማይቆጣበት ሰፈር የማንንም ልጅ ያበላሻል።

ጓደኛን በተመለከተ አማርኛ ከዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ተናግሯል። "ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች" ይላል። ኤድዊን ሰዘርላንድ የሚባል አሜሪካዊ የወንጀል ጥናት ምሁር ወንጀል እንደማንኛውም ሙያ ከቅርብ ሰው የሚለመድ ነገር ነው አለ። የእኔን ስልክ የነጠቀው ልጅ የት መብራት ጋ እንደሚቆም፣ የትኛው መስኮት ክፍት እንደሚሆን፣ ስልኩን ለማን እንደሚሸጥ ያስተማረው ሰው አለ። ከዘዴው ጋር ሰበቡንም አብሮ ይማራል። ግሬሻም ሳይክስና ዴቪድ ማትዛ እ.ኤ.አ. በ1957 የጻፉት ስለዚሁ ሰበብ ነው። ጥፋተኛ ወጣቶች ስርቆት ትክክል ነው ብለው አያምኑም፣ የሚያደርጉት ለራሳቸው ጥፋት ምክንያት መስጠት ነው አሉ። "ሰውየው ሌላ ይገዛል።" "ችግር ነው ያስደረገኝ።" "እነሱስ ስንት ይዘርፉ የለ?"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ሰበብ የሚሰጠው የመንገድ ልጅ ብቻ ስላልሆነ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት ማን ፈጠረው? የተራበ ሰው አይደለም። ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1939 ፊላዴልፊያ ላይ ለማኅበራዊ ጥናት ባለሙያዎች ባደረገው ንግግር ከረባት አሥረው ቢሮ ተቀምጠው የሚሠሩት ወንጀል ለምን አይቆጠርም ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎም የ70 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን መዝገብ አገላበጠ። መጽሐፉ በ1949 ሲወጣ አሳታሚው ክስ ፈርቶ የኩባንያዎቹን ስም አስወጣ። ስማቸው ያለበት ቅጂ የታተመው በ1983 ነው፣ እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ። ስልክ የነጠቀውን ልጅ ፊት በቪዲዮ ቀርጸን በአንድ ሰዓት ውስጥ ለአገር እናዳርሳለን። የቢሮውን ሌባ ስም ለማውጣት 34 ዓመት ፈጀ። ወንጀል ስንል ወደ አእምሯችን የሚመጣው የማን ፊት እንደሆነ ይህ ልዩነት ያሳያል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሰውየው ነው። ግን ያ ስርቆት እኔም ያለሁበት ነገር ነው። ላውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ እንቆቅልሽ አነሱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ሀብታም ሆነች፣ ስርቆቱ ግን ጨመረ። ለምን? ቴሌቪዥኑ ቀለለ፣ አንድ ሰው ተሸክሞት መሄድ ቻለ። ባልም ሚስትም ሥራ ስለሚውሉ ቤቱ ቀን ባዶ ሆነ። ለስርቆት ሦስት ነገር ይበቃል አሉ። ሊሰርቅ የፈለገ ሰው፣ የሚመች ዕቃ፣ ጠባቂ የሌለበት ቦታ። የእኔን ነገር እዩት። መስኮቱ ክፍት ነው። ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ ዋጋውም የብዙ ሰው የወር ደመወዝ ይበልጣል። ታክሲው ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አራተኛ ሰው አለ። ካርቶኑን ሳይጠይቅ፣ የማን ነው ሳይል፣ በግማሽ ዋጋ የሚገዛው። እሱን ማንም አስፋልት ላይ አያስቀምጠውም።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ያገደችው ከዚህ ሐሳብ ጋር በሚመሳሰል ምክንያት ነበር። በሞተር እየመጡ ቦርሳና ስልክ የሚነጥቁ በዝተው ነበርና። መንጠቂያውን ማራቅ አንድ ዘዴ ነው። ግን በሞተር እንጀራውን የሚበላ፣ ዕቃ የሚያደርስ ሰውም አብሮ ተጎዳ። የነጠቀው ከሞተሩ ወርዶ በእግሩ መብራት ላይ ቢቆምስ? እኔ ያገኘሁት በእግሩ የቆመውን ነው።

"እጃቸውን መቁረጥ ነው" ወዳለው ድምፅ ልመለስ። ተናዶ ነው። ምናልባት የሱንም ስልክ ወስደውበት ይሆናል። ቼዛሬ ቤካሪያ የሚባል ጣሊያናዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1764 ያለው ነገር ግን እስከዛሬ አልፈረሰም። ሰውን ከወንጀል የሚያስቀረው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን እንደማያመልጥ ማወቁ ነው አለ። የኋለኞቹ ጥናቶችም ያመዘኑት ወደዚሁ ነው። ልጁ መስኮቱን ሲያይ አንቀጹ ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ አያሰላም። የሚያሰላው "ይይዙኛል ወይ?" የሚለውን ነው። ከአሥር አንዴ ብቻ የሚያዝ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት ብትፈርድበትም ዘጠኙን ቀን ነው የሚያስበው።

ሕጋችንም ይህን ያወቀ ይመስለኛል። የ1949 ዓ.ም. ሕግ ስሙ "የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ" ነበር። በ1996 ዓ.ም. ሲሻሻል "የወንጀል ሕግ" ተባለ። አንቀጽ 1 ላይ ግቡን ሲዘረዝር ቀድሞ የሚያነሳው ወንጀል እንዳይፈጸም መከላከልን ነው። ቅጣት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ማረምም አለበት። ወህኒ ቤቱም ማረሚያ ቤት ተብሏል። ስሙን የመረጡት ሰዎች ቁም ነገር ነበራቸው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልሂድ። ምን ያስተወዋል?

ሼልደንና ኤሌኖር ግሉክ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ሃርቫርድ የሚሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ ጠባይ ማረሚያ የገቡ 500 ወንዶች ልጆችን መረጡ። ከቦስተን ትምህርት ቤቶች ደግሞ ጥፋት የሌለባቸው ሌላ 500። ልጆቹን አንድ ለአንድ አጣመሯቸው። በዕድሜ፣ በትውልድ፣ በአእምሮ ፈተና ውጤት፣ በሰፈር። ሁሉም የድሃ ሰፈር ልጆች ናቸው። ከልጆቹም፣ ከወላጅም፣ ከአስተማሪም ተነጋገሩ። ልጆቹ በ14፣ በ25 እና በ32 ዓመታቸው ገደማ የት እንደደረሱ አዩ። የሰበሰቡት ወረቀት ካርቶን ካርቶን ሞላ። ባልና ሚስቱም ሞቱ። ካርቶኑ የሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ጆን ላውብ የሚባል ተመራማሪ አገኘው። ከሮበርት ሳምፕሰን ጋር ሆነው ዓመታት ወስደው ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡት። ቀጥለው ያደረጉት ነው የሚገርመኝ። ጠባይ ማረሚያ ገብተው የነበሩትን ልጆች ፍለጋ ወጡ። አሁን በ60ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው። 52ቱን አግኝተው ቁጭ ብለው አወሯቸው። የሁሉንም የፍርድ ቤትና የሞት መዝገብ እስከ 70 ዓመታቸው ድረስ ተከታተሉ።

ያገኙት ይህ ነው። ብዙዎቹ ተመሳሳይ አጀማመር ነበራቸው። አባት የሚጠጣ፣ ቤት ውስጥ ዱላ፣ ከትምህርት ቤት መጥፋት። ከልጅነታቸው ተነስቶ ማን እስከ እርጅና እንደሚቀጥል፣ ማን በ25 ዓመቱ እንደሚተው መለየት አልተቻለም። እንቁላሉ ጅማሬውን ይናገራል፣ መጨረሻውን አይናገርም። የተዉት ላይ የተገኘው ሌላ ነገር ነው። ቋሚ ሥራ። የምትጠብቀው ሚስት። ውትድርና፣ ከሰፈሩ የሚያርቅ። አንዱ ሥራ ላይ ነው፣ ጧት አሠሪው ይጠብቀዋል። ማታ ቤት ውስጥ ይጠበቃል። ድሮ ከነማን ጋር ነበር የሚያመሸው? ዛሬ ጊዜ የለውም። ብዙዎቹ "ዛሬ ተውኩ" ብለው የወሰኑበት ቀን እንኳ አልነበረም። ዞር ብለው ሲያዩ ትተውታል።

እስርን በተመለከተም ያገኙት አለ። ረጅም የታሰረ ሰው ሲወጣ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድሉ ጠበበ። ሥራ ያጣው ደግሞ ወደ ጥፋቱ ተመለሰ። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2011 የስቶክሆልም የክሪሚኖሎጂ ሽልማት አገኙ።

አንድ ነገር መካድ የለብኝም። እነዚያ ልጆች ለአቅመ አዳም የደረሱት ፋብሪካ ሠራተኛ በሚፈልግበት አሜሪካ ነው። የኛ ልጅ የሚወጣው ወደ ሌላ ዓለም ነው። የኛን መንገድ የዘጋው ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ክሪሚኖሎጂ መማር አያስፈልግም። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ይበቃል። "ዋስ ማቅረብ የሚችል።" ከማረሚያ ቤት የወጣ ሰው ዋስ ከየት ያመጣል? አጎቱ በአደባባይ ሰላም አይለውም። ዋስ ቢያገኝ የአሻራ ማስረጃ አምጣ ይባላል። ሕጉ ቅጣቱን ጨርሶ የተወሰነ ዓመት በመልካም ጠባይ ለቆየ ሰው መዝገቡ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤት የሚጠይቅበትን መንገድ ከፍቷል። ግን ሰው የሚበላው በነዚያ ዓመታት መሐልም ነው። አንድ እድር፣ አንድ የሰፈር ማኅበር በጋራ ዋስ ሆኖ ቢፈርም ብዬ አስባለሁ። ለቀብር ድንኳን ለሚተክል ማኅበር ይህ አይከብደውም።

ሰፈራችን ውስጥ ጎሚስታ አለ። ዛሬ ሃምሳውን አልፏል። በወጣትነቱ ማታ ማታ ማጅራት መቺ እንደነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ሁለት ጊዜም ታስሯል። ከስልኬ ነገር በኋላ ጎማ ላስነፋ ሄጄ "ጋሼ፣ መቼ ነው የተዉት?" አልኩት። በመዶሻው ጫፍ ጎማውን እየመታ ዝም አለ። ከዚያ "እኔንጃ ልጄ" አለኝ። "የድሮው ባለቤት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያለ ዋስ አስገባኝ። ጎማ ስፈታ ስገጥም ይመሻል። ደክሞኝ እገባለሁ። እንዲህ እያልኩ..." ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

አጠገቡ ቱታ የለበሰ ልጅ ኮምፕሬሰሩን ያስነሳል። ከማረሚያ ቤት ከወጣ ሦስት ወሩ ነው አለኝ ጎሚስታው። ዋሱ ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። በቅባት በጠቆረ አውራ ጣቱ ደረቱን ነካ። ማታ ሱቁን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ የሚገባው ያ ልጅ ነው።